ስኳሩ ወረደ፣ ኮሌስትሮሉ ወጣ፦ የስኳር ታማሚ ማዕድ የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ አረፍ ብላችሁ አንብቡት፤ ስለ ቡናው ራሱ ወደ መጨረሻው ላይ የምለው አለኝ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስኳር እንዳለብኝ ካወቅኩ አራት ዓመት አለፈኝ፤ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ባለፈው ዓመት “ሎው ካርብ” የሚሉትን ጀመርኩ። እንጀራ ቀረ፣ ዳቦ ቀረ፣ ፓስታና ድንች ቀረ። እንጀራ ከገበታ ሲነሳ ግን ቦታው ባዶ አይቀርም፤ በምትኩ ክትፎ፣ ጥብስ፣ አይብ፣ በቅቤ የተጠበሰ እንቁላል መጣ። በአምስት ወር ውስጥ የሦስት ወር አማካይ ስኳሬ ከ9.1 ወደ 6.4 ወረደ። ቤት ውስጥ እልልታ ሆነ። እዚያው ወረቀት ታች ላይ ግን ኤልዲኤል የሚባለው፣ እኛ “መጥፎው ኮሌስትሮል” የምንለው፣ ከ118 ወደ 189 ወጥቷል።

ወረቀቱን ያየ ሁሉ መካሪ ሆነ። አንድ ወዳጄ “ኮሌስትሮል ምናምን የሚሉት የመድኃኒት ፋብሪካዎች ወሬ ነው፤ ስኳርህ ወርዶ የለ እንዴ? በርታ!” አለኝ። ታናሽ እህቴ ደግሞ “ጋሼ፣ እኔ ድሮም ብዬህ ነበር። ሰው ያለ እንጀራ ይኖራል እንዴ? ይሄን ቅቤህን ተውና ወደ እንጀራህ ተመለስ” አለች። ሁለቱም ከልባቸው ነው የመከሩኝ። ሁለቱም ግን የወረቀቱን ግማሽ ቀድጄ እንድጥል ነበር የሚፈልጉት።

እኔ ደግሞ የማልረሳው ነገር አለ። አባቴ ስኳር ነበረበት። ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ ሻዩን ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው፣ በዓል ነው ተብሎ እንኳ ጣፋጭ አይቀምስም፣ ኪኒኑን አይረሳም። የወሰደው ግን ስኳሩ አልነበረም። በ61 ዓመቱ ልቡ ነው የከዳው። ኮሌስትሮሉን በሕይወቱ አንድ ቀን ተለክቶ አያውቅም። እኛም መለካት እንዳለበት አናውቅም ነበር።

የተማርኩት ታሪክ እንጂ ሕክምና አይደለም። ስለዚህ ግራ ሲገባኝ የማውቀውን አደረግኩ፤ ነገሩ ከየት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ ለማየት ወደ ኋላ ሄድኩ። ያገኘሁት ነገር ገረመኝ። የስኳር ታማሚ ማዕድ ላለፉት ሁለት መቶ ዓመታት በሁለት ፍርሃቶች መካከል ሲወዛወዝ ነው የኖረው። አንዱ ትውልድ ስኳሩን ፈርቶ ስብ ያበላል፤ ቀጣዩ ስቡን ፈርቶ እህል ያበላል። የወዳጄና የእህቴ ክርክር በእኛ ሳሎን የተጀመረ አይደለም።

ሁለቱንም ያየ አንድ ሰው

በ1776 ማቲው ዶብሰን የተባለ የሊቨርፑል ሐኪም የታማሚውን ሽንት በእሳት አትንኖ ከሥሩ የቀረው ነገር ስኳር መሆኑን አሳየ። ምን ዓይነት ስኳር እንደሆነ ግን ገና አልተለየም ነበር። ይህንን የለየው ሚሼል ኤዤን ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። በ1815 ገደማ በስኳር ታማሚ ሽንት ውስጥ ያለው ስኳር ከወይን ፍሬ ከሚገኘው ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋገጠ፤ ዛሬ ግሉኮስ የምንለው ነው።

ይኸው ሰው በዚያው ሰሞን ሌላ ሥራም ሠርቷል። ከሐሞት ጠጠር ውስጥ የሚወጣ ነጭ፣ ሰም የሚመስል ነገር ነበር። ከሰባው ሰብል የተለየ፣ እንደ ሌላው ስብ ወደ ሳሙናነት የማይለወጥ ነገር መሆኑን አይቶ ስም አወጣለት። ከግሪክኛው “ሐሞት” እና “ጠጣር” ከሚሉት ቃላት አዋህዶ “ኮሌስተሪን” አለው። ኮሌስትሮል ማለት ነው።

በወረቀቴ ላይ የተጣሉትን ሁለት መስመሮች አንድ ሰው፣ በአንድ ዘመን መርምሯቸዋል። ሼቭረል 102 ዓመት ኖሮ በ1889 ሲሞት ግን ሁለቱ ነገሮች ለየብቻቸው ወደ ሁለት የተለያዩ የሕክምና ዘርፎች ሄደው ነበር። አንዱ የስኳር ሐኪም ጉዳይ፣ ሌላው የልብ ሐኪም ጉዳይ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው እነዚህ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ የሚያዝዙትን ምግብ አንድ ታማሚ ሲበላ የሚያሳይ ነው።

ሥጋና ሞራ

ሎው ካርብ የኢንስታግራም ዘመን ፈጠራ የሚመስለው ሰው ካለ በ1797 የታተመውን የጆን ሮሎን ጽሑፍ ያንብብ። ሮሎ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ነበር። ካፒቴን ሜሬዲት የተባለ፣ በስኳር የተያዘ ወፍራም መኮንን መጣለት። ሮሎ ሰውነት ውስጥ ያለው ስኳር የሚመነጨው ከእህልና ከአትክልት ነው ብሎ ስላሰበ ከሞላ ጎደል የእንስሳት ምግብ ብቻ አዘዘለት፤ ከደምና ከሞራ የተሠራ ምግብ፣ የቆየ የሰባ ሥጋ። በሽንቱ ያለው ስኳር ቀነሰ፣ ሰውየውም ተሻለው።

በ1870 እና 71 ፓሪስ በፕሩሺያ ጦር ተከብባ ሕዝቡ ሲራብ፣ አፖሊኔር ቡሻርዳ የተባለው ሐኪም የስኳር ታማሚዎቹ ዳቦ ሲያጡ ሕመማቸው እንደቀለለ አስተዋለ። ቡሻርዳ ዳቦን በቅጠላ ቅጠል ተኩ፣ ሰውነታችሁን አንቀሳቅሱ ይል ነበር። ምክሩ ዛሬም አላረጀም።

ይህ መንገድ በራሱ እስከመጨረሻው ሲገፋ የት እንደሚያደርስ ደግሞ አሜሪካዊው ፍሬድሪክ አለን ከ1914 ጀምሮ አሳየ። ሕክምናው በግልጽ አማርኛ ረሃብ ነበር። ሕፃናት ስኳራቸው እንዳይወጣ በቀን ጥቂት መቶ ካሎሪ ብቻ ይሰጣቸዋል፤ ጎመኑ እንኳ ሦስት ጊዜ ተቀቅሎ፣ ውሃው ሦስት ጊዜ ተደፍቶ ነው የሚቀርበው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ልጅ ኤልሳቤጥ ከአለን ታካሚዎች አንዷ ነበረች። በ1922 ክረምት፣ አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላት ሲቃረብ፣ ክብደቷ ወደ 20 ኪሎ ወርዶ ነበር።

በዚያው ዓመት በጥር ወር ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በኢንሱሊን ተወግቶ ከሞት ተረፈ። ኤልሳቤጥም ለጥቂት ደረሰላት፤ እስከ 1981 ኖረች። እነዚያን የረሃብ ዓመታት የማነሳው በዘመኑ ሐኪሞች ለመፍረድ አይደለም። ሌላ መሣሪያ አልነበራቸውም። ከስኳሩ በቀር ሌላ ነገር ለመለካትም ጊዜ አልነበረም፤ ታማሚው ኮሌስትሮል የሚጎዳው እስኪሆን ድረስ አይቆይማ!

ኢንሱሊን ያመጣው አዲስ ሞት

ኢንሱሊን ሲመጣ የስኳር ታማሚ ዕድሜ አገኘ። ዕድሜ ሲያገኝ ደግሞ በሌላ ነገር መሞት ጀመረ። ይህንን ቀድሞ ካስተዋሉት አንዱ የቦስተኑ ኤልዮት ጆስሊን ነው። ጆስሊን የታካሚዎቹን መዝገብ ለአሥርት ዓመታት በጥንቃቄ የያዘ ሰው ነበር። ድሮ ታማሚዎቹ በኮማ ነበር የሚሞቱት፤ አሁን በደም ቧንቧ መጥበብና በልብ እየሞቱ ነው። በ1927 ጥፋተኛው ስብ ነው ብሎ ጻፈ፤ በምግቡም፣ በሰውነቱም፣ በደሙም ያለው የስብ ብዛት።

ይህ ጥርጣሬ ባዶ አልነበረም። በ1913 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ኒኮላይ አኒችኮቭ ንጹሕ ኮሌስትሮል በሱፍ ዘይት አሟሙቶ ለጥንቸሎች አብልቶ፣ የደም ቧንቧቸው በሰው ላይ እንደሚታየው ሲደነድን አሳይቷል። ብዙዎች “ጥንቸል ሣር በል ናት፣ ምን ያገናኛታል” ብለው አለፉት።

ከ1930 ጀምሮ ደግሞ የሞንትሪያሉ ሐኪም ራቢኖዊች ከዘመኑ ልማድ በተቃራኒ ለስኳር ታማሚዎች እህል የበዛበት፣ ስብ ያነሰበት ምግብ መስጠት ጀመረ፤ ጠቅላላ መጠኑም የተቆጠበ ነበር። የታማሚዎቹ ኮሌስትሮል እንደወረደም መዘገበ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዥዋዥዌው ወደ ሌላኛው ጫፍ መሄድ የጀመረው እዚህ ጋ ነው። የመነሻውም ምክንያት ሞኝነት አልነበረም። በዓይን የታየ ሞት ነው።

የፕሬዚዳንቱ ልብ

በመስከረም 1955 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዴንቨር ላይ ልባቸውን ታመሙ። በአንድ ጀምበር የልብ በሽታ የአገር ጉዳይ ሆነ። የሚኒሶታው ተመራማሪ አንሴል ኪስ በምግብ ውስጥ ያለው ስብ፣ የደም ኮሌስትሮልና የልብ በሽታ ይገናኛሉ ሲል ቆይቶ ነበር። በ1958 የሰባት አገሮች ጥናቱን ጀመረ። በ1961 ፎቶው የታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የልብ ማኅበር የእንስሳት ስብ በዘይት እንዲተካ መከረ።

አንሴል ኪስን ዛሬ የሎው ካርብ ደጋፊዎች እንደ ዋና ባላጋራ ነው የሚያዩት። “ስብ ይገድላል” ያለ ሰው አድርገው ያወሩታል። የራሱ ጥናት ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው የሚናገረው። የምሥራቅ ፊንላንድ ገበሬዎችም የግሪኳ የቀርጤስ ደሴት ገበሬዎችም ከምግባቸው ጉልበት ወደ 40 በመቶ የሚጠጋውን የሚያገኙት ከስብ ነበር። ፊንላንዶቹ በልብ በሽታ ከሁሉም በላይ ያልቁ ነበር፤ ቀርጤሶቹ ጋ በሽታው እጅግ ጥቂት ነበር። የፊንላንዶቹ ስብ ቅቤና ወተት ነው። የቀርጤሶቹ የወይራ ዘይት። መጠኑ አንድ ሆኖ ዓይነቱ ተለያየ።

ይህ ነገር በመንገድ ላይ ጠፋ። “የስቡን ዓይነት ለውጡ” የሚለው ምክር ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ “ስብ ተዉ” ሆነ። በ1979 የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር የስኳር ታማሚ ከምግቡ ጉልበት ከ50 እስከ 60 በመቶ የሚሆነውን ከካርቦሃይድሬት እንዲያገኝ መከረ። ልቡን ለማዳን ነው። ስኳሩስ? ስኳሩን መድኃኒቱ ይቆጣጠረዋል ተባለ።

የተረሳው ግማሽ

ከሁሉም በላይ የቆጨኝ ታሪክ ይሄኛው ነው። የእኔን ወረቀት የሚያብራራው እውቀት በ1950ዎቹ ተገኝቶ ነበር።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ጆን ጎፍማን የሚባል ተመራማሪ ደምን እጅግ በፍጥነት በሚሽከረከር ማሽን እያጣራ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ ብቻውን እንደማይጓዝ አሳየ። ስብና ፕሮቲን በተዋሐዱባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች ተጭኖ ነው የሚሄደው፤ ቅንጣቶቹም ብዙ ዓይነት ናቸው። ዛሬ ኤልዲኤል፣ ኤችዲኤል የምንላቸው ስሞች የመጡት ከዚህ ሥራ ነው። ጎፍማን ሌላም ነገር አየ። ኤልዲኤልን የሚያበዛው በዋናነት የእንስሳት ስብ ነው። ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን ስብ የሚጭኑትን ትልልቆቹን ቅንጣቶች ግን በብዙ ሰው ላይ የሚያበዛቸው ካርቦሃይድሬት ነው። በ1961 የኒው ዮርኩ ፒት አረንስ ይህንኑ በታማሚዎች ላይ አስረግጦ አሳየ፤ ደሙ በስብ ምክንያት የሚደፈርስ ሰው አለ፣ በእህልና በስኳር ምክንያት የሚደፈርስም አለ።

አያችሁ? አንድ አካውንት አይደለም፣ ሁለት ነው። እንጀራና ዳቦ ስትቀንስ ስኳርህና ትራይግሊሰራይድህ ይወርዳል። ቅቤና ጮማ ስትጨምር ኤልዲኤልህ ይወጣል። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። የእኔም ወረቀት እንደዚያው ነበር፤ ትራይግሊሰራይዴ ከ240 ወደ 130 ወርዷል። ያንን ሳይ ወዳጄ እውነቱን እንደሆነ አመንኩ። ኤልዲኤሉን ሳይ ደግሞ እህቴም እውነቷን ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ግማሽ ግማሹን።

ዓለም ግን በዚያው በ1961 ግማሹን ብቻ ይዞ ሄደ።

መሐንዲሱ

ሌላኛውን ግማሽ መልሶ ያመጣው አንድ ታማሚ ነው። ሪቻርድ በርንስታይን በ1946፣ በ12 ዓመቱ፣ አንደኛው ዓይነት ስኳር ተገኘበት። ሲያድግ መሐንዲስ ሆነ። እህል የበዛበትን የታዘዘለትን ምግብ እየበላ፣ ኢንሱሊኑን እየተወጋ፣ ገና በጎልማሳነቱ ኩላሊቱም ዓይኑም እየተጎዳ ሄደ። በ1969 ለሐኪሞችና ለሆስፒታል ብቻ የሚሸጥ፣ ትልቅ የደም ስኳር መለኪያ መጣ። ሚስቱ ሐኪም ስለነበረች በእሷ ስም ገዛው። በቀን ብዙ ጊዜ እየለካ ስኳሩን የሚያወጣበት ምን እንደሆነ በመሐንዲስ ዓይን አጠና፤ ካርቦሃይድሬቱን በብዙ ቀነሰ። ስኳሩ ተረጋጋ፤ ከፍ ብሎ የነበረው ኮሌስትሮሉም እንደወረደ ጽፏል። የሕክምና መጽሔቶች ጽሑፉን አልቀበልም ሲሉት በ45 ዓመቱ ሕክምና ትምህርት ቤት ገባ። በ2025 ሲሞት 90 ዓመቱ ነበር።

ዛሬ እኔና እናንተ ጣታችንን ወግተን ቤታችን የምንለካው በእሱ ዓይነት ሰዎች ግፊት ነው። በ2019 የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ራሱ የደም ስኳርን ለማሻሻል ካርቦሃይድሬት መቀነስ ከሁሉም የምግብ ስልቶች የበለጠ ማስረጃ ያለው መሆኑን ጻፈ። ከ1979ኙ ምክር እዚህ ለመድረስ አርባ ዓመት ፈጅቷል።

ግን ዥዋዥዌው መመለሱ አልቀረም። የበርንስታይንን ስኳር የተከተሉ ብዙዎች ወደ ሮሎ ሞራ ተመለሱ። በ2022 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ስኳር ወይም ቅድመ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች በተራ በተራ ሁለት ዓይነት ምግብ አበሏቸው። አንደኛው ኬቶ፣ ሌላኛው ጣፋጭና ነጭ ዱቄት የሌለበት፣ ግን ባቄላና ፍራፍሬ ያለበት የሜዲትራኒያን ምግብ ነው። የሦስት ወር ስኳራቸው በሁለቱም ተቀራራቢ በሆነ መጠን ወረደ። ትራይግሊሰራይድ በኬቶ ይበልጥ ወረደ። ኤልዲኤል ግን በኬቶ 10 በመቶ ገደማ ሲወጣ፣ በሜዲትራኒያኑ 5 በመቶ ገደማ ወረደ። ጎፍማን ከሰባ ዓመት በፊት ያለው ነው።

ከሩዝ ላይ የተገኘው ሻጋታ

“ኤልዲኤል ይውጣ፣ ምን ያደርጋል?” ለሚለው ለወዳጄ ጥያቄ መልሱ ከሌላ መንገድ ነው የመጣው። በ1970ዎቹ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ የቴክሳስ ሐኪሞች ጉበታችን ኤልዲኤልን ከደም ውስጥ የሚለቅምባቸውን ተቀባዮች አገኙ። በተፈጥሮ እነዚህ ተቀባዮች የሌሏቸው ልጆች፣ ስኳርም ሳይኖርባቸው፣ ሲጋራም ሳያጨሱ፣ በልጅነታቸው የልብ ድካም ይይዛቸዋል። ሁለቱ በ1985 ኖቤል ተሸለሙ።

በዚያው ዘመን ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በሺዎች የሚቆጠሩ የሻጋታ ዓይነቶችን መርምሮ፣ ኪዮቶ ከተማ ከአንድ እህል ቤት ሩዝ ላይ የተገኘ ሻጋታ ኮሌስትሮል መሥራትን የሚገታ ነገር እንደሚያመነጭ በ1973 ደረሰበት። ስታቲን የምንላቸው መድኃኒቶች አባት ይህ ነው። በ2004 የወጣው ካርድስ የተባለ ጥናት 2,838 ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸውን፣ ልባቸውን ግን ታመው የማያውቁ ሰዎች ይዞ ግማሾቹን አቶርቫስታቲን 10 ሚሊግራም ሰጣቸው። የልብና የስትሮክ አደጋ በ37 በመቶ ቀነሰ፤ ጥቅሙ ግልጽ ስለሆነ ጥናቱ ከጊዜው ሁለት ዓመት ገደማ ቀድሞ ቆመ።

ይህንን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ጥናቱ የሚናገረው ስለ አባቴ ዓይነት ሰዎች ነው።

ወደ እኛ ማዕድ

እኛ አገር ዥዋዥዌው በየዓመቱ በቀን መቁጠሪያው ይወዛወዛል። በጾም እንጀራ በሽሮ፣ ድንች፣ ዳቦ፣ ሩዝ፤ ስኳሩ ይወጣል። በፍስክ ቅቤ፣ ሥጋ፣ ዶሮ ወጥ፤ ኤልዲኤሉ ይወጣል። እዚህ አገር ሎው ካርብ የሚጀምር ሰው ከእንጀራ ሲሸሽ ቀጥታ ቅቤ ላይ ነው የሚወድቀው። ከቅቤ ስብ ውስጥ ከግማሽ በላዩ የሚረጋው ዓይነት ነው። ጀሪካኑ ውስጥ የሚረጋው የፓልም ዘይትም ግማሹ ገደማ እንደዚያው ነው። በብርድ የሚረጋ ስብ በጥቅሉ ኤልዲኤልን የሚያወጣው ዓይነት ነው ብላችሁ ብትይዙት ብዙ አትሳሳቱም።

የቀርጤስ ገበሬ የወይራ ዘይት ነበረው። እኛስ? ኑግ አለን፣ ሰሊጥ አለን፣ ሱፍ አለን፣ ተልባ አለን፣ ለውዝና አቮካዶ አለን፣ ጎመን አለን፣ የሐይቅ ዓሣ አለን። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለመምህራኑ ልተወው።) የሚገርመው፣ ቅቤን የሚተካው የጾም ጓዳችን ውስጥ ነው ያለው። ከጾሙ ዘይቱን፣ ጎመኑንና ተልባውን ወስዶ፣ የእንጀራውን ቁልል መቀነስ ነው።

ቶሮንቶ ላይ ዴቪድ ጄንኪንስ የሚባል ተመራማሪ አለ። በ1981 የትኛው ምግብ ስኳርን ምን ያህል ቶሎ እንደሚያወጣ የሚለካውን ግላይሴሚክ ኢንዴክስ ያመጣው እሱና ባልደረቦቹ ናቸው። በ2003 ደግሞ እንደ አጃ፣ ገብስና ባሚያ ያሉ ሲበስሉ የሚያሟልጩ ምግቦችን ከለውዝ ዘሮች፣ ከአኩሪ አተርና ከዕፅዋት ስቴሮል ጋር አጣምሮ ኤልዲኤልን በአንድ ወር ውስጥ ወደ 29 በመቶ አወረደ፤ ከእነሱ ጋር ስታቲን የወሰዱት 31 በመቶ ገደማ ነው የወረደላቸው። ከሼቭረል በኋላ ሁለቱንም መስመር በአንድ ዓይን ያየ ሰው ሳገኝ ደስ አለኝ። ተልባችንም ውሃ ሲነካው የሚያሟልጨው በዚሁ ዓይነት ፋይበር ነው።

አሁን ወደ ቡናችሁ። በ1983 የኖርዌይ ትሮምሶ ከተማ ተመራማሪዎች ቡና የሚያበዙ ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ከፍ እንደሚል አስተዋሉ። ኖርዌዮቹ ያኔ ቡናን አፍልተው፣ አተላውን አዝቅጠው ነበር የሚጠጡት። በኋላ ምክንያቱ ታወቀ፤ ካፌስቶል የሚባል የቡና ቅባት ነው። በወረቀት ሲጣራ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ሲፈላ ግን ሲኒ ውስጥ ይገባል። የእኛም ጀበና አፍልቶ፣ አስክኖ የሚቀዳ ነው። ቡና ተዉ የምል ሰው አይደለሁም፤ ጎረቤቶቼ ያባርሩኛል። ግን ኤልዲኤሉ አልወርድ ያለው ሰው፣ በቀን ሦስቴ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚል ከሆነ፣ ይህንንም ይቁጠረው።

እኔ ያደረግኩት

ወደ እንጀራው ቁልል አልተመለስኩም። ቅቤውን ግን ለበዓል ተውኩት። እንቁላሉ በዘይት ሆነ፣ ክትፎው በወር አንዴ፣ በምትኩ ዓሣ፣ ጎመን በኑግ ዘይት፣ አቮካዶ፣ ጠዋት ተልባ፣ ምሳ ላይ ትንሽ ምስር ከግማሽ እንጀራ ባነሰ። ጀበናው በቀን አንድ ሲኒ። በሦስት ወር ኤልዲኤሉ ከ189 ወደ 142 ወረደ፤ ስኳሩ 6.6 ላይ ቆየ።

ደስ ብሎኝ ለሐኪሜ ሳሳያት “ጎበዝ፣ ግን አልጨረስንም” አለችኝ። ስኳር ያለበትና ከ40 ዓመት ያለፈ ሰው ኤልዲኤሉ ምንም ይሁን ስታቲን እንዲወስድ በጥቅሉ እንደሚመከር፣ እንደ እኔ ሌላ የልብ ስጋት ላለበት ደግሞ ግቡ ከ70 በታች እንደሆነ አስረዳችኝ። ስታቲን ስኳርን በጥቂቱ ከፍ ሊያደርግ እንደሚችልም አልደበቀችኝም፤ ለልብ የሚሰጠው ጥቅም ግን ይበልጣል አለች። ጀመርኩት። ባለፈው ወር 78 ሆነ። ገና ስምንት ቁጥር ይቀረኛል።

ሐኪም አይደለሁምና የእኔን ቁጥር የእናንተ አታድርጉት። በተለይ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ኪኒን የምትወስዱ ሰዎች ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንጀራና ዳቦ በአንዴ እንዳታቆሙ፤ ስኳራችሁ ከልክ በላይ ወርዶ ሊጥላችሁ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙልኝ ይበቃኛል። ሮሎ ሞኝ አልነበረም፣ ጆስሊንም ሞኝ አልነበረም። እያንዳንዱ የለካውን አዳነ፤ ያልለካው ደግሞ ከኋላ መጥቶ ያዘው። ስለዚህ የሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ላይ የሦስት ወር ስኳር ብቻ ተለክታችሁ አትውጡ። “ኮሌስትሮሌንም፣ ከነዝርዝሩ” በሉ። ስኳር ያለበት አባት ወይም እናት ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ ዛሬ ደውሉና “ኮሌስትሮልህን መቼ ነው የተለካኸው?” ብላችሁ ጠይቁልኝ።

እኔ የምጠይቀው አባት የለኝም። ወረቀቴን ግን ሳልቀድድ፣ ሁለቱንም መስመር ይዤዋለሁ።

ቸር እንሰንብት።